ብየዳው ስንት ኪሎ ይችላል? የሮቶ መሸከሚያ ከመበየዳችሁ በፊት እንዴት እንደሚሰላ

ጎንደር ውስጥ ሮቶ የሌለበት ግቢ እያነሰ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት። የመጣውን ማጠራቀም የግድ ነው። ሮቶው ከፍ ካላለ ደግሞ ውሃው ሻወር ጋ አይደርስም። ስለዚህ አዘዞ ባለችው ወርክሾፔ ከበርና ከመስኮት ቀጥሎ በብዛት የምሠራው የሮቶ መሸከሚያ ነው።

1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ነው። አንድ ቶን ማለት ነው። ልጆች ከሚጫወቱበት፣ ልብስ ከሚታጠብበት በላይ የተሰቀለ አንድ ቶን። ያንን ከምሰሶው ጋር አያይዞ የያዘው ከትንሿ ጣት የቀጠነ የብየዳ መስመር ነው። ጥር 11 ቀን 2012 በጥምቀት ዕለት እዚሁ ከተማችን፣ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት፣ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው አጥተናል። ያ እንጨት ነበር፣ ብየዳ አልነበረም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ "ይችላል፣ አትስጋ" የሚለውን ንግግር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይችላል ከተባለ፣ ስንት ይችላል? ቁጥሩ መነገር አለበት።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የስልክ ካልኩሌተር፣ ሜትርና እስክሪብቶ ይበቃል። የሚያስቸግረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እኔን የጣለኝ እሱ ነውና።

የወደቀው ሥራዬ

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት እናት ለ1,000 ሊትር ሮቶ መሸከሚያ አሠሩኝ። 80 በ40 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ቆረጥኩ። ወደ ፊት የሚዘረጉ ሁለት ክንዶች አድርጌ ከብረት ምሰሶዎች ጋር ዙሪያውን በየድኩት። ስሌትም ሠርቼ ነበር። የብየዳው ዙሪያ 240 ሚሊ ነው። በብየዳው ውፍረት አባዛሁት፤ ለኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ቀልጦ ብየዳ ለሚሆነው ዘንግ፣ በሚፈቀደው ጥንካሬ አባዛሁት። አንዱ ክንድ ብቻ 6 ቶን ከምናምን ይሸከማል የሚል መልስ መጣ። ደስ አለኝ። ተረክበው ከፈሉኝ።

በሦስተኛው ሌሊት ውሃ መጣ። ሮቶው ሞላ። ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ፤ "ልጄ፣ ሮቶው ወደቀ" አሉኝ። ስደርስ አንዱ ክንድ አንገቱን ደፍቷል፣ ሮቶው ግድግዳው ላይ ተጋድሟል፣ ግቢው ጭቃ ሆኗል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ከሥሩ አልነበረም።

ተንበርክኬ ብየዳውን አየሁት። በላይኛው ጠርዝ በኩል መስመሩ መሃል ለመሃል ተቀዷል። የተቀደደው ገጽ አዲስ ብረት ሆኖ ያብረቀርቃል። በታችኛው ጠርዝ ያለው ብየዳ ግን ምንም አልሆነም። ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። 240 ሚሊ ብየዳ ነበረኝ፤ ሥራውን ይሠራ የነበረው ግን የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ብቻ ነው። በስሌቴ ሁሉም እኩል እንደሚሸከም ቆጥሬ ነበር።

ለሴትየዋ በራሴ ወጪ ሌላ ሠራሁላቸው። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ነው።

ጭነቱን በኒውተን ጻፉ

ውሃው 1,000 ኪሎ። ባዶው ሮቶና የሚቀመጥበት አልጋ አንድ ላይ 100 ኪሎ እንበል። ጠቅላላ 1,100። ለሁለት ክንድ ሲካፈል 550 ኪሎ ይሆናል። ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው፤ እሱን ለማግኘት ኪሎን በ9.81 ማባዛት ነው፤ ወደ 5,400 ኒውተን። ሮቶ መቼም ሁለቱ ክንድ ላይ እኩል አይቀመጥም። የሚያጥበው ሰውም ይወጣበታል። ስለዚህ 6,000 አድርጉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ባለበት ለሚቀመጥ ጭነት ነው። ድንገት የሚያርፍ ጭነት፣ ከፍታ ባይኖረው እንኳ፣ ቀስ ብሎ ከተቀመጠው ሁለት እጥፍ ያህል ይጫናል። እየተንቀጠቀጠ ለሚሠራ ነገር፣ ለባጃጅ ሻንሲ ወይም ለጋሪ፣ ይህን ስሌት አትጠቀሙ። ብየዳ በመመላለስ ብዛት ይደክማል፤ ስሌቱም ሌላ ነው።

እግርና ጉሮሮ

የማዕዘን ብየዳ በመስቀለኛ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ነው። በሁለቱ ብረቶች ላይ የተኛው ጎን እግር ይባላል። ስንለካ የምንለካው እሱን ነው። የሚቀደደው ግን በእግሩ አይደለም። ከማዕዘኑ ሥር ተነስቶ ወደ ፊቱ በሚወስደው አጭር መንገድ ነው። ያ ጉሮሮው ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ከሆኑ፦

ጉሮሮ = እግር × 0.707

የ4 ሚሊ እግር 2.8 ሚሊ ጉሮሮ አለው። ፊቱ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። አብጦ ከወጣ ደግሞ አትደሰቱ። ያበጠው ክፍል በስሌት አይቆጠርም፤ ኤሌክትሮድ ብቻ ነው የሚበላው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ በትርፍራፊ ላሜራ ሁለት ቁራጭ በቲ (T) ቅርጽ በይዳችሁ ስታበቁ በግራይንደር መሃሉን ቁረጡት። የተቆረጠውን ገጽ በሸካራ ከዚያም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሹት። ብየዳው ሥር ድረስ ገብቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ይህን ያደረግኩ ቀን የሦስቱ ናሙናዎቼ ሥር አልገባም ነበር። ከላይ ሲታዩ ግን ያማሩ ነበሩ። አዲስ የሚመጣ ለማጅ ሁሉ ወርክሾፔ ውስጥ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንን ነው።

ሁለቱ ብረቶች ካልተገጣጠሙ፣ ክፍተቱ ከ2 ሚሊ ካለፈ፣ የክፍተቱን ያህል እግሩ ላይ ጨምሩ። 3 ሚሊ ክፍተት ባለበት የ4 ሚሊ ብየዳ ከፈለጋችሁ 7 ሚሊ መበየድ አለባችሁ ማለት ነው። ከዚያስ ብረቱን እንደገና ቆርጦ ማስገጠም ይሻላል።

የኤሌክትሮዱ ጥንካሬ

ካርቶኑ ላይ ኢ6013 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ትርጉም አለው። 60 ማለት ብየዳው ሲጎተት የሚችለው 60 ሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። በእኛ ልኬት ወደ 414 ኒውተን በካሬ ሚሊ ይሆናል። ኢ7018 ደግሞ ወደ 482 ነው። ለማዕዘን ብየዳ በተለመደው የንድፍ ደንብ የሚፈቀደው የዚህ 0.3 እጅ ነው። ለኢ6013 ወደ 124፣ ለኢ7018 ወደ 145 ኒውተን በካሬ ሚሊ ይመጣል።

እኔ ግን 124ን አልወስድም። 90 ነው የምወስደው። የምበይደው ግቢ ውስጥ፣ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይወርዳል፤ አርኩ፣ ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ይቀዘቅዛል። የኤክስቴንሽኑ ገመድ ሲረዝም ደግሞ ይብሳል። ደንቡ ያንን አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

ብዙ ሰው "7018 ግዛ፣ ይጠነክራል" ይላል። እውነት ነው፣ ይጠነክራል፤ ደረቅ ከሆነ። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ጠላቱ ነው። ከታሸገበት ወጥቶ የከረመ ከሆነ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ መድረቅ አለበት። የጎንደር ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ እርጥብ ነው፤ ምድጃውም እኔ ጋ የለም። ስለዚህ ለሮቶ መሸከሚያ 6013ን እመርጣለሁ። የጎደለውን ጥንካሬ በቅርጽ እሞላዋለሁ። እንዴት እንደሚሞላ አሁን እናያለን።

ከዚህ በፊት ግን አንድ አጭር ቁጥር ያዙ። 0.707 × 90 ወደ 64 ነው። ይህም ማለት በእያንዳንዱ ሚሊ እግር፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ርዝመት፣ 64 ኒውተን እፈቅዳለሁ። የ4 ሚሊ ብየዳ በአንድ ሳንቲ ርዝመት 2,560 ኒውተን፣ ማለትም 260 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጭነቱ በቀጥታ ሲመጣ ማለቴ ነው። ለክንድ አይሆንም። የወደቅኩትም በዚህ ነው።

ርቀቱ፤ እዚህ ጋ ቀስ በሉ

ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሞልታችሁ ከጎናችሁ አስጠግታችሁ ያዙት። ይቻላል። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ክብደቱ ያው 20 ኪሎ ነው፤ ትከሻችሁ ግን ወዲያው እጅ ይሰጣል። ለብየዳውም እንዲሁ ነው። ሮቶው ከምሰሶው በራቀ መጠን ክንዱ እንደ ድጅኖ ይፈለቅቃል። የታችኛው ጠርዝ ምሰሶው ላይ ይደገፋል፤ የላይኛው ይላቀቃል።

የፋሲል ግንብን በሮች አስተውሉ። ቅስታቸው ድንጋይና ኖራ ሆኖ ይህን ያህል ዘመን የቆመው ጭነቱ ድንጋዮቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ነው። የሚጎትታቸው ነገር የለም። የእኛ ክንድ ላይኛው ብየዳ ግን ቀን ከሌሊት እየተጎተተ ነው የሚኖረው።

ይህን የመፈልቀቅ ኃይል ሞመንት እንለዋለን።

ሞመንት = ጭነት × ርቀት

የሮቶው መሃል ከምሰሶው ፊት 550 ሚሊ ይርቃል። 6,000 × 550 = 3,300,000።

ቀጥሎ ብየዳውን ውፍረት እንደሌለው መስመር አድርገን እንየው። ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ የቅርጽ ቁጥር አለ፦

በላሜራ ሁለት ጎን ለተበየደ ቋሚ መስመር፦ ቁመት × ቁመት ÷ 3

ላይና ታች ብቻ ለተበየደ አግድም መስመር፦ ወርድ × ቁመት

ዙሪያውን ለተበየደ አራት ማዕዘን፦ ወርድ × ቁመት + (ቁመት × ቁመት ÷ 3)

ሞመንቱን ለቅርጽ ቁጥሩ ስታካፍሉት በጣም የተጨነቀችው አንድ ሚሊ ብየዳ የምትሸከመውን ኒውተን ታገኛላችሁ።

የእኔን የወደቀ ክንድ እናስላው። ወርዱ 40፣ ቁመቱ 80። ዙሪያውን ነው። 40 × 80 = 3,200። 80 × 80 ÷ 3 = 2,133። ድምሩ 5,333። 3,300,000 ÷ 5,333 = 619 ኒውተን በአንድ ሚሊ።

ቀጥታ ወደ ታች የሚጫነውም አለ። 6,000 ÷ 240 = 25። ሁለቱን እንዲሁ አትደምሯቸው፤ አቅጣጫቸው የተለያየ ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጡ። እዚህ ግን 25ቱ ከ619ኙ አንጻር ምንም አይደለም። 619 ብለን እንቀጥል።

የሚያስፈልገው እግር = 619 ÷ 64 = 9.7 ሚሊ።

አሁን አስቡት። ቱቦላሬው ራሱ 3 ሚሊ ነው። 3 ሚሊ ብረት ላይ 10 ሚሊ ብየዳ የሚባል ነገር የለም፤ ይበሳል። እኔ ያኔ የቆጠርኩት 25ቱን ብቻ ነበር። 25 ÷ 64 = 0.4 ሚሊ። ግማሽ ሚሊ እንኳ የማይሞላ እግር ይበቃል የሚል ስሌት ይዤ፣ 10 ሚሊ ለሚፈልግ ቦታ 3 ሚሊ በየድኩ። የ3 ሚሊ እግር ጉሮሮ 2.12 ሚሊ ነው፤ 619ኙ ለእሱ ሲካፈል ጉሮሮው ላይ የመጣው 292 ኒውተን በካሬ ሚሊ ነው። የኢ6013 የማዕዘን ብየዳ ደግሞ በስሌት ጉሮሮው ላይ 414 ሳይሆን የዚያ 0.6 እጅ፣ ወደ 250 አካባቢ ሲደርስ ይቀደዳል። ተቀደደም።

መፍትሔው ብየዳ መጨመር አይደለም፣ ቁመት መጨመር ነው

የቋሚውን መስመር ቀመር እንደገና እዩት። ቁመቱ በራሱ ተባዝቷል። ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉ ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። እግሩን እጥፍ ብታደርጉ ግን ጥንካሬው እጥፍ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮዱ ደግሞ አራት እጥፍ ይበላል። አንድ አንጋፋ በያጅ ይህን ያለ ምንም ቀመር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የነገሩኝ፤ "ልጄ፣ ክንዱን አታወፍረው፣ ብብቱን ሙላለት።"

ብብቱን እንሙላው። 6 ሚሊ ላሜራ በሦስት ማዕዘን ቆርጠን ከክንዱ ሥር እናስገባለን። ምሰሶውን የሚነካው ጎን 250 ሚሊ፣ ክንዱን የሚከተለው 500 ሚሊ ይሁን። በሁለቱም ጎን 4 ሚሊ እግር እንበይዳለን።

የብየዳ መነሻና መድረሻ ሁልጊዜ ደካማ ነው፤ ጫፉ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ስለዚህ ከየጫፉ አንድ አንድ እግር ቀንሱ። 250 − 8 = 242 ሚሊ።

242 × 242 ÷ 3 = 19,521

3,300,000 ÷ 19,521 = 169 ኒውተን በሚሊ

ቀጥታው፦ 6,000 ÷ 484 = 12

የሁለቱ ድምር በስኩዌር ሩት ወደ 170 ነው።

170 ÷ 64 = 2.7 ሚሊ።

እኛ 4 ሚሊ በይደናል። ይበቃል፤ ትርፍም አለው። የቱቦላሬውን የራሱን ብየዳ ጨርሶ አልቆጠርኩትም። እሱ ምርቃት ነው።

የላሜራው ነፃ ጠርዝ ረጅም ስለሆነ እንዳይታጠፍ ጠባብ ብረት በጠርዙ ላይ በይዱበት።

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የሚታዩ ነገሮች

ስሌቱ 1 ሚሊ ይበቃል ቢል እንኳ 1 ሚሊ አይበየድም። ወፍራም ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይመጥጠዋል፤ ትንሽ ብየዳ በፍጥነት ቀዝቅዞ ይሰነጠቃል። እስከ 6 ሚሊ ለሆነ ብረት ቢያንስ 3 ሚሊ እግር፣ እስከ 12 ሚሊ 5፣ እስከ 20 ሚሊ 6 ያዙ። አንድ የብየዳ ቁራጭ ደግሞ ርዝመቱ ከእግሩ አራት እጥፍ ማነስ የለበትም። አጥር ላይ እንደምናደርገው ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማለፍ ለጭነት አይሆንም።

ሌላው፣ ብየዳው ችሎ ብረቱ ላይችል ይችላል። የተራውን የግንባታ ብረት ጥንካሬ 235 ኒውተን በካሬ ሚሊ ብለን ብንወስድ፣ 0.4 እጁ 94 ነው። የምሰሶው ግድግዳ 3 ሚሊ ከሆነ በሚሊ 282 ኒውተን ይፈቅዳል። የእኛ 170 ስለሆነ በዚህ በኩል አልፈናል። ነገር ግን ላሜራውን የባዶ ቱቦላሬ ፊት መሃል ላይ ብትበይዱት ያ ስስ ፊት ወደ ውጭ ይጎተታል፣ ያብጣል። ብየዳው ሳይቀደድ ምሰሶው ይቀደዳል። አንድም መጀመሪያ ምሰሶው ላይ ወፈር ያለ ሰፊ ላሜራ ዙሪያውን በይዱ፤ አንድም ሁለት ላሜራ አድርጋችሁ ከምሰሶው ሁለት ጎኖች ጋር አስተካክሏቸው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጥ።

የምሰሶው መታጠፍና መሠረቱ የራሳቸው ስሌት አላቸው። ባዶ ሮቶ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል፤ እሰሩት።

መበየዱ

ዝገቱንና ቀለሙን እስከ ነጭ ብረት አጽዱ። ከላይኛው ጠርዝ በኩል ጀምሩ፣ ግን ጫፉ ላይ አታቁሙ፤ ዞራችሁ ጥቂት ግቡ። ቅርፊቱን አራግፉና እዩ። የአረፋ ቀዳዳ ካለ፣ ወይም የብረቱ ጠርዝ በአርኩ ተበልቶ ቦይ ከሠራ፣ በግራይንደር አውጥታችሁ ድገሙት። በላዩ ደርባችሁ አትሸፍኑት። ከታች ያለው ቀዳዳ እዚያው ነው።

እግሩን ለመለካት የሚሸጥ ጌጅ አለ። ከሌላችሁ ከ1 ሚሊ ላሜራ ሥሩት። የአራት ማዕዘን ቁራጭ አንዱን ማዕዘን ከጫፉ በሁለቱም አቅጣጫ 4 ሚሊ ለክታችሁ በቀጥታ መስመር ቁረጡት። በብየዳው ላይ አስቀምጡት። ሁለቱም ጎኑ ብረቶቹን ከነካና በተቆረጠው ጠርዝና በብየዳው መካከል ብርሃን ከታየ ብየዳው አንሷል። ማዕዘኑ አልቀመጥ ካለ ከ4 ሚሊ በልጧል ወይም አብጧል። እኔ የ3፣ የ4፣ የ5ና የ6 አራት ቁራጮች በአንድ ቀለበት አስሬ ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

ከመረከብ በፊት

ቀለም አትቀቡ። መጀመሪያ ኖራ በውሃ በጥብጣችሁ ብየዳውንና ዙሪያውን በስሱ ቀቡና ይድረቅ። ሮቶውን ግማሽ ሙሉት። ከሥሩ ሰው እንዳያልፍ ከልሉ። አንድ ሰዓት ጠብቁና በባትሪ የላይኛውን ጠርዝ እዩ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ አሳድሩት። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ በላዩ ያለው ደረቅ ኖራ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ጠዋት ኖራው እንዳለ ከሆነ አጥባችሁ ጸረ ዝገት ቀቡ። መስመር ካወጣ ግን ውሃውን ልቀቁትና ክንዱን አውርዱ፤ ቁመቱን ጨምራችሁ እንደገና አስሉ።